የሚያይ መነጽርና የቤት ምሥጢር

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓመተ ምሕረት ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ ኮዳክ የሚል ስም ያወጣለትን ትንሽ የፎቶግራፍ ማንሻ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ መነሣት ራሱን የቻለ ሥነ ሥርዓት ነበረ፤ ባለሙያው መሣሪያውን በሦስት እግር ላይ ያቆማል፤ ተነሺውም የክት ልብሱን ለብሶ፥ በወንበር ተቀምጦ፥ ሳይንቀሳቀስ ይቈያል። እንግዲህ የሰውን መልክ ያለፈቃዱ ማንሣት እጅግ አስቸጋሪ ነበረ፤ ይኸውም የሚከለክል ሕግ ስለ ነበረ ሳይሆን መሣሪያው ራሱ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ነው። ኮዳክ ሲመጣ ግን ያ ዘገምተኛነት ጠፋ፤ ከርሱም ጋራ ፈቃድ መጠየቅ አብሮ ጠፋ። በ1890 ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉት ሁለት የሕግ ዐዋቂዎች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ሰው የግል ኑሮው ሳይደፈርበት የመኖር መብት እንዳለው የሚያስረዳ ጽሕፈት አወጡ፤ ካነሣሷቸውም ምክንያቶች አንዱ ይኸው ያለፈቃድ የሚነሣ ፎቶግራፍ ነበረ።

ይህን የቈየ ነገር ያነሣነው ዛሬ ደግሞ ሌላ መሣሪያ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ በበለጠ ብርታት ስለሚያቀርብልን ነው። (ካሁን በኋላ የኢትዮጵያ መሆኑን ካልገለጽን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው በዓይን ላይ የሚጠለቅ ትልቅ መነጽር ነው። ያጠለቀው ሰው ያለበትን ክፍል፥ ጠረጴዛውንና ግድግዳውን እንደ ወትሮው ያያል፤ ዳሩ ግን በጠረጴዛው ላይ በእውነት የሌለ ነገር፥ የሕንፃ ንድፍ ወይም የሰው ልብ ሥዕል፥ እንዳለ ሆኖ ተቀምጦ ይታየዋል፤ ዞሮም ከጀርባው ሊመለከተው ይችላል። ያለውና የሌለው ባንድነት ስለሚታይበት ቅይጥ እውነታ ይሉታል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ሆሎሌንስ የሚባለውን በ2016፥ ሜታ የሚባለው ክዌስት 3ን በ2023፥ አፕል ደግሞ ቪዥን ፕሮ የተባለውን በ2024 ለገዢ አቅርበዋል። የሌለውን ነገር በጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ መነጽሩ አስቀድሞ ጠረጴዛው የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ የሚያይበት ዓይን ያስፈልገዋል። ቪዥን ፕሮ ብቻ 12 ካሜራና 6 የድምፅ መቀበያ አለው። ካሜራዎቹም ከፊሎቹ ወደ ውጭ፥ ከፊሎቹ ወደ ውስጥ፥ ማለት ወደ ባለቤቱ ዓይን የሚመለከቱ ናቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቢቈም መልካም ነው። ሰው የሚያይበት መነጽር ሰውን የሚያይ ሆኖአልና።

ይህ መሣሪያ ለሐኪም ትምህርት፥ ለመሐንዲስ ሥራ፥ በሩቅ ላለ ዘመድ መገናኛ የሚሰጠውን ጥቅም ማንም አይክድም፤ እኛም ልንነቅፈው አልተነሣንም። የምንጽፈው ስለ አንድ ክፍሉ ነው፤ እርሱም ይህ መነጽር ከኢንተርኔት ድረ ገጾች ጋራ ሲገናኝ የሚሆነው ነው።

ለመነጽሩ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ከኩባንያው መደብር የሚወርድ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው አይቶ አሳልፎታል፤ ባለቤቱም ዐስቦበት ያወረደው ነው። ድረ ገጽ ግን እንደ መንገድ ዳር ሱቅ ነው፤ አላፊው ገባ ይላል፥ አይቶ ይወጣል፤ ባለሱቁ ማን እንደ ሆነ፥ ከበስተጓሮ ማን እንደ ተቀመጠ አይጠይቅም። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ካንዱ ባለቤት ጋራ ብቻ መገናኘት አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚለጥፈው፥ ጎብኚ የሚቈጥረው፥ ሌላም ስሙን የማናውቀው አብሮ ገብቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ቦታ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአብዛኛው የሚያገኘው የጣት ምልክትና የተጻፈ ቃል ነበረ። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር፥ ደብልዩ ሦስት ሲ የሚባለው፥ ዌብ ኤክስ አር የተሰኘውን ደንብ ካዘጋጀ ወዲህ ግን ድረ ገጽ በመነጽሩ አማካይነት የሰውየውን ራስና እጅ እንቅስቃሴ መቀበል ይችላል፤ ከተፈቀደለትም የክፍሉን ቅርጽ ያገኛል።

እንቅስቃሴ ሲባል ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ራስን ወደ ግራ ማዞር ምን ምሥጢር አለው ይላል። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። መነጽሩ የራስንና የሁለቱን እጆች ቦታና አቅጣጫ በ18 ቍጥሮች ይገልጸዋል፤ ይህንንም በየሰከንዱ እስከ 90 ጊዜ ይመዘግባል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄረሚ ቤይለንሰን በ2018 እንዳሳሰበው፥ አንድ ሰው 20 ደቂቃ መነጽሩን አጥልቆ ቢቈይ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የአካል እንቅስቃሴ መዝገብ ትቶ ይነሣል። የመንግሥት መዝገብ ቤት የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ስለ አንድ ሰው ሁለት ሚሊዮን መስመር መጻፍ ስንት ጸሓፊና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይገምቱት።

ከዚህ መዝገብ ምን ይገኛል? በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 511 ሰዎችን መነጽር አስጠልቀው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩአቸው፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ሰው ከአምስት ደቂቃ ያነሰ እንቅስቃሴ ለማሽን ቢሰጡት፥ ማሽኑ ስማቸውንም ፊታቸውንም ሳያይ ከመቶው 95 ያህሉን ማን ማን እንደ ሆኑ ለይቶ አወቀ። በ2023 በበርክሌይ ያለው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ነገሩን አስፍቶ ሞከረው። ቢት ሴበር የሚባል በሙዚቃ ምት ግንድ መሰል ሳጥን በሰይፍ የሚቈረጥበት ጨዋታ አለ፤ ተጫዋቾቹ ውጤታቸውን ለማስመስከር እንቅስቃሴያቸውን በገዛ ፈቃዳቸው በይፋ ያኖሩታል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ የ55,541 ሰዎችን መዝገብ ወስደው ቢመረምሩት፥ የአንዱን ሰው 100 ሰከንድ ያህል እንቅስቃሴ በማየት ከነዚያ ሁሉ መካከል ከመቶ 94 በሚበልጥ ጊዜ ትክክለኛውን ሰው አገኙት። ዐሥር ሰከንድ ብቻ ሲሰጣቸውም ከመቶ 73 ጊዜ ተሳካላቸው።

እንግዲህ ሰው አረማመዱና የእጁ አወራወር እንደ ጣት አሻራው የራሱ ነው ማለት ነው። በገጠር ያደገ ሰው ይህን አይገርመውም፤ ከማዶ የሚመጣውን መንገደኛ መልኩ ሳይለይ በአካሄዱ ብቻ የእገሌ ልጅ ነው ማለት የተለመደ ነው። ልዩነቱ ያ ጐረቤት የሚያውቀው የመንደሩን ሰው ብቻ መሆኑ ነው፤ አውቆም ለሦስተኛ ሰው አይሸጠውም። አሁን ግን ዛሬ ባንድ ድረ ገጽ በእውነተኛ ስሙ የታየ ሰው፥ ነገ በሌላ ድረ ገጽ ስሙን ደብቆ ቢገባ፥ ሁለቱ መዝገቦች ባንድ እጅ ከገቡ ራሱን ባነቃነቀበት ሊታወቅ ይችላል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አረማመድ ግን በምን ይለወጣል?

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። መነጽሩ ግድግዳውን፥ ወለሉን፥ አልጋውንና ወንበሩን ለክቶ ንድፍ ያወጣል። ይህ ንድፍ ለድረ ገጽ ቢደርስ ክፍሉ ስንት ሜትር እንደ ሆነ፥ ዕቃው ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን፥ ከዚህም የባለቤቱን የኑሮ ደረጃ መገመት ያስችላል። ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ደግሞ የቤቱ ካርታ ይሰፋል። ከዚህም የሚከፋው በቤቱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። መነጽሩን ያጠለቀው አባት ፈቅዶ ሊሆን ይችላል፤ በጓዳ የምትመላለሰው እናት ወይም ለጥየቃ የመጣው እንግዳ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች፥ ተራ መነጽር በሚመስልና ካሜራ በተገጠመለት መሣሪያ በመንገድ ያገኙትን ሰው ፊት ቀርጸው፥ በኢንተርኔት ካሉ የፊት መፈለጊያዎች ጋራ በማገናኘት ስሙንና አድራሻውን ወዲያው ማግኘት እንደሚቻል በተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳይተዋል። የሠሩትም ለማስጠንቀቂያ ስለ ነበረ መሣሪያውን ለሕዝብ አላወጡትም።

ሦስተኛውና ከሁሉ ጥልቅ የሆነው ዓይን ነው። ምላስን መግታት ይቻላል፤ ዓይንን ግን ሙሉ በሙሉ የሚገታ ሰው ማን ነው? ሰው አንድ ነገር ሲማርከው፥ ሲያስፈራው ወይም ሲከብደው ዓይኑ ሳያዘው ወደዚያ ይሄዳል፤ ብሌኑም ይሰፋል ወይም ይጠባል። ገበያ ላይ ያለ ነጋዴ የገዢውን ዓይን አይቶ ዋጋ እንደሚጨምር ሁሉ፥ ዓይኑ በየትኛው ዕቃ ላይ ስንት ቅጽበት እንደ ቈየ የሚያውቅ ድረ ገጽ ሰውየው ራሱ ገና ያልወሰነውን ሐሳቡን ቀድሞ ያውቃል። ያየውን ጽሑፍ፥ ዘልሎት ያለፈውን፥ ተመልሶ ያነበበውንም እንዲሁ።

በዚህ ረገድ መሣሪያ ሠሪዎቹ ከወሰዱት መንገድ አንዱን በተለይ ልናመሰግን እንወዳለን። በቪዥን ፕሮ ላይ ሰው አንድን ነገር በዓይኑ ሲመለከት ነገሩ ደመቅ ብሎ ይታየዋል፤ ነገር ግን ያደመቀው የመነጽሩ የራሱ ሥርዓት ነው እንጂ ድረ ገጹ አይደለም፤ ድረ ገጹም ያ ነገር መድመቁን አያውቅም። ሰውየው ፈቅዶ ሁለት ጣቶቹን ባጋጠመ ጊዜ ብቻ የተመረጠው ነገር ለድረ ገጹ ይነገረዋል። በዌብ ኤክስ አር ደንብም ለዚሁ ዓይነት መሣሪያ የሚሆን መንገድ ተበጅቶለት፥ የአመለካከቱ አቅጣጫ ጣቶቹ በሚጋጠሙበት ቅጽበት ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ የሚከተለው የእጁን እንቅስቃሴ ነው። አንድ የዕቃ ሱቅ አሳላፊ ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ይህን ስጠኝ እስኪል ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቢቈም እንዲህ ያለ ይሆን ነበር። ሜታ በ2022 ባወጣው ክዌስት ፕሮ የወሰደው መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ዓይንን መከታተል ሰውየው ካላዘዘ በቀር የተዘጋ ነው፤ የዓይኑ ፎቶግራፍ ከመነጽሩ ሳይወጣ ይጠፋል፤ ከርሱ የተሰላው የአመለካከት አቅጣጫ ግን ባለቤቱ ለፈቀደለት ፕሮግራም ይሰጣል። ሁለቱን ብናስተያይ የፊተኛው ይሻላል እንላለን፤ በፊተኛው ዐደራ የሚሰጠው ነገር የለምና ዐደራ በላም አይኖርም።

የሆነ ሆኖ በር በተዘጋበት ቤት በመስኮት የሚገባ አይጠፋም። በዚያው በ2024 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን አንድ ነገር አስተዋለ። የቪዥን ፕሮ ባለቤት በኢንተርኔት ከሰው ጋራ ፊት ለፊት ሲነጋገር፥ ፊቱ በመነጽር ስለ ተሸፈነ በርሱ ፈንታ ፐርሶና የሚባል የራሱን መልክ የመሰለ ምስል ይቀርባል፤ የምስሉም ዓይኖች የእውነተኛውን ሰው ዓይኖች ይከተላሉ። ሰውየው በንግግሩ መካከል የይለፍ ቃል በዓይኑ እየመረጠ ቢጽፍ የምስሉ ዓይኖች ካንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲዘሉ ይታያሉ፤ ተመራማሪዎቹም ከዚህ ተነሥተው የተጻፈውን መገመት ቻሉ። ዓይኑን ከድረ ገጽ ደብቆ በምስሉ ላይ ለሁሉ ማሳየት ማለት ነው። ኩባንያው ነገሩ ሲነገረው በሐምሌ 2024 ባወጣው እርማት፥ ሰውየው በአየር ላይ በሚታየው የፊደል ገበታ ሲጽፍ ምስሉ እንዲቋረጥ አደረገ።

በዚያው ዓመት የተገኘው ሌላ ስሕተት ደግሞ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነው። ራያን ፒክረን የተባለ የጥበቃ ተመራማሪ፥ አንድ ድረ ገጽ የቪዥን ፕሮን ባለቤት ምንም ሳያስፈቅድ ክፍሉን በሚርመሰመሱ ሸረሪቶችና በሚጮኹ የሌሊት ወፎች ሊሞላው እንደሚችል አሳየ። ሰውየው ድረ ገጹን ቢዘጋውም ሸረሪቶቹ ከክፍሉ አይወጡም ነበር፤ አንድ በአንድ መነካት ነበረባቸው። የዚህ ምክንያት ተመልሶ ሲመረመር፥ ስለ ዌብ ኤክስ አር ፈቃድ ሲታሰብ ከዚያ በፊት ለስልክ የተሠራ አንድ የቈየ መንገድ ተረስቶ ክፍት መቅረቱ ነው። እርማቱ በሰኔ 2024 ወጣ። ይህ ምሥጢርን የመስረቅ ነገር አይደለም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ነው እንላለን፤ ያለፈቃድ ከቤት ማውጣትና ያለፈቃድ ወደ ቤት ማስገባት ሁለቱም የሚደረጉት ባንድ ደጃፍ ነው።

አሁን ደንቡ ራሱ ምን እንደሚል እንይ፤ ያዘጋጁት ሰዎች ነገሩን ችላ አላሉትምና። ድረ ገጹ ምስጢራዊ በሆነው የመገናኛ መንገድ ካልመጣ በቀር መነጽሩን ሊጠቀም አይችልም። ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ሳይነካ ድረ ገጽ ዘሎ ዓይኑን ሊሸፍነው አልተፈቀደም። በገጹ ውስጥ የተለጠፈ የሌላ ሰው ማስታወቂያ፥ የገጹ ባለቤት ለይቶ ካልፈቀደለት፥ የሰውየውን እንቅስቃሴ አያገኝም። በቅይጥ እውነታ ጊዜ የካሜራው ሥዕል ለድረ ገጹ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ዕቃውን የት ላስቀምጠው ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚሆን ነጥብ ነው፤ ሥዕሉን የሚፈልግ ሌላ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የወለሉ ከፍታ፥ ከርሱም የሰውየው ቁመት ስለሚታወቅ፥ በሴንቲሜትር ተጠጋግቶ ይነገራል፤ የመጫወቻው ቦታ ወሰን ደግሞ በ5 ሴንቲሜትር። እጅን የሚከታተለው ክፍል ባንድ እጅ 25 መገጣጠሚያ ስለሚቈጥር፥ የጣቶቹ ልክ የባለቤቱ መታወቂያ እንዳይሆን ማሰሻው እንዲያደበዝዘው ተነግሮታል። የመነጽሩ ሥርዓት የፈቃድ ጥያቄ ወይም የፊደል ገበታ ባወጣ ጊዜም ድረ ገጹ ይደበዝዛል፤ የእጁም ምልክት አይደርሰውም።

እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለውን ልዩነት ማየት ይገባል። ከፊሉ የማያስፈልገውን ከመጀመሪያው አለመስጠት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ስለ መጠየቅ እውነቱን እንናገር። ሰው መነጽሩን አጥልቆ፥ ልጆቹ በዙሪያው እስቲ እኔም ልይ እያሉ ሲጠብቁ፥ ይህ ድረ ገጽ እንቅስቃሴህንና የክፍልህን ንድፍ ይወቅ ወይ የሚል ጽሑፍ ሲመጣለት ምን ያደርጋል? ይፈቅዳል። ካልፈቀደ ምንም አያይምና። የክፍልህን ንድፍ የሚለው ቃል ዛሬ ለሥዕል፥ ነገ ለምን እንደሚውል ግን ጽሑፉ አይነግረውም። ከኛስ መካከል በስልኩ ላይ የሚመጣለትን ውል እስከ መጨረሻው አንብቦ እሺ ያለ ማን ነው? የማይነበብ ውል ላይ የተደረገ ፊርማ በወረቀት ዘመንም ቢሆን በዳኛ ፊት ክርክር ያስነሣ ነበር።

ከዚህም በላይ የራስና የእጅ እንቅስቃሴ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ካልተሰጠ መነጽሩ አይሠራም። ሥዕሉ ከራስ ጋራ ካልዞረ ሰውየው ያዞረዋል። ስለዚህ ስታንፎርድና በርክሌይ ባገኙት ነገር ላይ የፈቃድ ጥያቄ ብዙ አይረዳም። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2022 እንደ ቁመትና የክንድ ርዝመት ያሉትን ልኮች ሆን ብሎ በጥቂቱ እያዛባ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን መዛባቱ ሲበዛ ሥራው ይበላሻል፤ ሲያንስ ሰውየው ይታወቃል። ካሜራውም ቢሆን ዘወትር ተዘግቶ አይቀርም፤ አፕል በ2024 ለድርጅቶች ብቻ በልዩ ፈቃድ፥ ሜታ በ2025 የባለቤቱን ፈቃድ ለሚያገኙ ፕሮግራም ሠሪዎች የመነጽራቸውን ካሜራ ሥዕል ከፍተዋል። እነዚህ የተከፈቱት ለፕሮግራሞች ነው፤ የንግድ ግፊቱ ወዴት እንደሆነ ግን ያሳያሉ።

መሣሪያው ሊከለክለው የማይችለውን ሕግ ሊከለክለው ይገባል። ከ2018 ግንቦት ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ፥ ላንድ ጉዳይ የተሰበሰበውም ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ያዝዛል፤ የሰውን ማንነት ለመለየት የሚውል የአካል ልክንም ልዩ ጥበቃ ይሰጠዋል። ነገር ግን የቃሉን አገባብ አስተውሉ። ማንነትን ለመለየት ሲውል ነው። እንቅስቃሴው ለጨዋታ ብቻ የተሰበሰበ ነው የሚል ሰው ልዩ ጥበቃው አይመለከተኝም ሊል ይችላል፤ ያው መዝገብ ግን በማግስቱ ሰው ለመለየት ይበቃል። ሕግ የሚያረቁ ሰዎች ወደፊት ሊያስቡበት የሚገባ ነጥብ ይህ ይመስለናል፤ ጥበቃው ዛሬ በዋለበት ሥራ ሳይሆን ሊውል በሚችልበት ሥራ ቢለካ ይሻላል።

ያገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ቤትና አካል፥ የሚጽፈውና የሚነጋገረውም እንዳይደፈር ይጠብቃል። ከዚህም በኋላ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2016 ዓመተ ምሕረት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቶ፥ አፈጻጸሙ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መነጽሩ በከተማችን ገና ብርቅ ስለ ሆነ ይህ የሩቅ ነገር ነው የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጊዜው ይኸው ነው እንላለን። አንድ መሥሪያ ቤት ለሙዚየም፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለጎብኚ የሚሆን እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ሊያሠራ ውል ሲፈራረም፥ ሠሪው የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ያስቀምጥ እንደ ሆነ፥ ስንት ቀን፥ በየት አገር፥ ለማንስ እንደሚሰጥ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ማስጻፍ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። ሥራው ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ሙግት ይጠይቃል። በተለይም ተጠቃሚዎቹ ልጆች ሲሆኑ፥ እነርሱ መፍቀድም መከልከልም አይችሉምና፥ ከቅጽበቱ አልፎ ምንም እንዳይቀመጥ መሆን አለበት።

ለካህናት አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ መዝግቦአቸዋል፤ ሥራውም ለጥገናና ለጥናት እጅግ የሚጠቅም ነው። በእንዲህ ያለ ልክ ተመሥርቶ በዋሽንግተን ወይም በኢየሩሳሌም ያለ ሰው መነጽሩን አጥልቆ በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ የሚዞርበት ድረ ገጽ ቢሠራ የሚያስገርም አይሆንም፤ ብዙዎችም ይደሰቱበት ነበር። እንግዲህ ወደዚያ የገባ አንድ ምእመን እናስብ። ሌላው ጎብኚ የድንጋዩን ቅርጽ እያየ ሲያልፍ እርሱ ከደጃፉ ሲደርስ ይሰግዳል፤ ግንባሩ ወደ መሬት ሲወርድ መነጽሩ ይመዘግበዋል። በሥዕሉ ፊት ይቈማል፤ ስንት ደቂቃ እንደ ቈመ፥ ዓይኑ በየት ላይ እንዳረፈ፥ እጁ መቼ እንደ ተንቀጠቀጠ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ሃይማኖቱን ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም በቃሉ አልተናገረም፤ መዝገቡ ግን ያውቀዋል። ለንስሐ አባቱ ብቻ የሚነግረውን ኀዘን በዚያ ቦታ ሲያስታውስ ከአካሉ የሚነበበው ነገር፥ ለንስሐ አባት የተሰጠው የምሥጢር ጥበቃ አይከተለውም፤ የድረ ገጹ አስተናጋጅ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትምና።

እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ በስሟ ልታሠራ የምትፈቅድ ደብር ወይም ገዳም ብትኖር ከሠሪው ጋራ ስትነጋገር ሦስት ነገር ብትይዝ ይበቃታል። የምእመኑ ክፍል ንድፍ ከመነጽሩ አይውጣ፤ ሥዕሉን ለማየት አስፈላጊ አይደለምና። የራሱ እንቅስቃሴ ሥዕሉን ለማዞር በዚያው ቅጽበት ውሎ፥ ወደ ማናቸውም መዝገብ ሳይገባ ይጥፋ። ማስታወቂያ ለጣፊና ጎብኚ ቈጣሪም በገጹ ውስጥ አይኑር። ስንት ሰው እንደ ገባ ማወቅ ካስፈለገ ያንን ቍጥር ብቻ ይቍጠር።